ኢሜይል መጥቶልህ ነበር

ወይዘሮ ትርሓስ ማረፏን ያወቅሁት ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የቴሌግራም ገጽ ላይ ነው። ማስታወቂያው በጥቁር መስመር ተከቦ፣ ግራና ቀኙ ሻማ ተደርጎበት፣ «ታዛዥ፣ ዝምተኛና ከሁሉም ጋር ተግባብታ የኖረች ባልደረባችንን በሞት ተነጠቅን» ይላል። መጀመሪያ ሌላ ትርሓስ መሰለችኝ። ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ራሷ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ፎቶ የሚያነሳትን ሰው «ይሄ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» በሚል ዓይን ታየዋለች።

ታዛዥ! እዚያ ተቋም ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ትርሓስ አንድ ትእዛዝ «በጽሑፍ አምጡት» ሳትል የተቀበለችበትን ቀን አላስታውስም። ዝምተኛ የሚለውን የጻፈው ሰው ደግሞ ጆሮውን ቢታከም ጥሩ ነው። ሙት አይወቀስም ይባላል። እሺ፣ አይወቀስ። ሰው ከሞተ በኋላ ግን ጠባዩ ተቀይሮ መቀበር አለበት የሚል ሥርዐት ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔ የማውቃትን ትርሓስ ልናገር።

ተቋማችን መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ነበር። ስሙን ባልጠራው ለሁላችንም ይሻላል። ጥናት ያጠናል ይባላል፤ ስብሰባ ሲሰበሰብ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ሠራተኛው ሻይ ላይ በትግርኛ ያወራል፣ ደብዳቤ በአማርኛ ይጻጻፋል፣ ለጋሾች ሲመጡ ደግሞ ሁሉም በእንግሊዝኛ ፈገግ ይላል። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የመቐለ ልጅ አግብቼ ከተማዋን ቤቴ ሳደርግ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያርምለት ሰው ይፈልግ ስለነበር ተቀጠርኩ። ትርሓስ በዚያን ጊዜ የአይ.ቲ. ክፍል ኃላፊ ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል፤ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ አንድ ጉልበቷ የሚያማት ሴት። መጀመሪያ ቀን ቢሮዋ ገብቼ «እንደምን አሉ፣ ወይዘሮ ትርሓስ» ብላት ቀና ብላ አየችኝ።

«ሓወይ፣ እኔና አንተ የምንሠራው አንድ ቤት ነው። ‹እርስዎ› ስትለኝ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኛል። አንቺ በለኝ።»

ከዚያ ወዲህ እኔ አንቺ አልኳት፤ እሷም ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አለችኝ። ዳይሬክተሩንም አንተ ትላቸው ነበር። ዳይሬክተሩ ግን ይህን እንደ ወንድምነት አላዩትም።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ከተማው ከስልክም ከኢንተርኔትም ተቆርጦ የቆየበት ጊዜ ነበር። መስመሩ ሲከፈት፣ አቧራ የጠጣውን የኢሜይል ሰርቨር አራግፋ ነፍስ የዘራችበት ትርሓስ ናት። እንደነገሩኝ፣ ሰርቨሩ በተነሣ ዕለት ከዘመድ ሰላምታ ቀድሞ የደረሰው ቫይረስ ነበር። ስለዚህ የሚገባውንም የሚወጣውንም ኢሜይል የሚፈትሽ ማጣሪያ ገጠመች። ማጣሪያው ቫይረስ ያለበትን መልእክት ይይዝና ለብቻው ያስቀምጠዋል። እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር አልተጣላችም። ጠቡ የመጣው፣ ማጣሪያው አንድ ኢሜይል በያዘ ቁጥር ይላክለት ለነበረው ሰው አጭር ማሳወቂያ እንዲጽፍ ስላደረገችው ነው።

ማሳወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ኢሜይል መጥቶልህ ነበር። አባሪው ውስጥ ቫይረስ ስላለ ይዤዋለሁ። የላኪው ስም ከታች አለ። ስሙ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ሰውየውን ከመስደብህ በፊት ደውልለት። ስትጠብቀው የነበረ ነገር ከሆነ ና፣ አብረን እናየዋለን። ካልሆነ ሥራህን ሥራ። ማጣሪያ።»

ምሁራን የሞሉበት ግቢ ይህን ማሳወቂያ እንዴት እንደተቀበለው ልንገራችሁ። አንድ ተመራማሪ «ክቡር አቶ ማጣሪያ» ብሎ የምስጋና መልስ ጻፈ። ሌላው «የእኔን ደብዳቤ እንዲከፍት ማን ፈቀደለት? የቅጥር ደብዳቤው ይታይ» ብሎ ለሰው ኃይል አስተዳደር አመለከተ። የፋይናንስ ኃላፊው ቫይረሱ የተያዘው ገና በር ላይ መሆኑን ብንነግረውም አላመነንም፤ ለብዙ ቀን የኮምፒውተሩን ቁልፎች በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ ሠራ። የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ደግሞ ለዳይሬክተሩ የሚላከው ማሳወቂያ «መጥቶልህ» ሳይሆን «መጥቶልዎት» እንዲል ጠየቀች።

«ቫይረሱ አንተ እርስዎ ብሎ አይለይም» አለቻት ትርሓስ። «ማጣሪያውም እንደዛው ነው።»

እኔን ወደ ጉዳዩ ያስገባኝ ዳይሬክተሩ ናቸው። አስጠርተው ማሳወቂያውን «አለስልሰህ ጻፈው» አሉኝ። ማለስለስ ሙያዬ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለእሱ ነው። ቁጭ ብዬ እንዲህ የሚል ነገር አዘጋጀሁ፦ «ክቡር ባልደረባችን፣ በተቋማችን የመረጃ ደኅንነት ሥርዐት አማካይነት ወደ እርስዎ ተልኮ በነበረ መልእክት ላይ ተገቢው እርምጃ መወሰዱን በአክብሮት እንገልጻለን።» ኮርቼበት ለትርሓስ ወሰድኩላት። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበችው።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ቫይረስ ተገኘ ማለት ነው።»

«ታዲያ እንደዛ በላ!»

«ይለስልስ ተብያለሁ።»

«ለስልሶ ለስልሶ አልቋል እኮ፣ ሓወይ! ይሄን ያነበበ ሰው ‹ታሰርኩ ወይስ ተሸለምኩ?› ብሎ ሲጨነቅ ይውላል።» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ለሰው መጥፎ ነገር ስትነግረው አሳጥረህ ንገረው። ዙሪያውን ስትዞር እሱ የሞተ ሰው መፈለግ ይጀምራል።»

ማሳወቂያው እንደነበረ ቀጠለ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን መላው ሠራተኛ አንድ ዓይነት ማሳወቂያ ደረሰው። ኢሜይል መጥቶልህ ነበር፣ ቫይረስ አለበት፤ ላኪ፦ ዋና ዳይሬክተር። ግቢው በሙሉ ባንዴ ጨዋ ሆነ። «የዶክተርን ስም ሰረቋቸው!» ተባለ። አንዳንዱ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ አጽናናቸው። እሳቸውም ስሙ እንደተሰረቀበት ሰው ተክዘው ተቀበሉ። ትርሓስ ግን ስትመረምረው የተሰረቀ ነገር የለም፤ ቫይረሱን በትጋት የሚልከው የዳይሬክተሩ የራሳቸው ኮምፒውተር ነው። እሳቸው በአንገታቸው የሚያንጠለጥሏት ፍላሽ ነበረች። ከግቢያችን በር ጀምሮ ያልተሰካችበት የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር የለም። ቫይረሱን ያመጣችው እሷ ነች።

ይህን ቢሯቸው ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ልትነግራቸው ትችል ነበር። ትርሓስ ዝቅ ያለ ድምፅ አልነበራትም። ሻይ ክፍል ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ዶክተር፣ ስምህን ማንም አልሰረቀህም። ኮምፒውተርህ ነው። ፍላሽህን አምጣና ላጽዳልህ» አለቻቸው።

በዚሁ ሳምንት ኮሚቴ ተቋቋመ። በእኛ ቤት ችግር ሲፈጠር ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ ችግሩ እንዳለ ሆኖ ቃለ ጉባኤ ይኖረዋል። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ በመክፈቻ ንግግራቸው ማሳወቂያው በሠራተኛው ላይ አላስፈላጊ ስጋት እንደሚፈጥር፣ ተቋሙም ቫይረስ የሚመላለስበት ቤት እንደሚያስመስለው አብራሩ።

«ይመላለስበታል እኮ» አለች ትርሓስ።

«ማጣሪያው ከያዘው በቂ ነው። ለተቀባዩ መንገር ለምን ያስፈልጋል?»

«የእሱ ስለሆነ።»

«ቫይረሱ?»

«ደብዳቤው። ቫይረሱ የእኔ ነው፣ እኔ አጠፋዋለሁ። ደብዳቤው ግን ስሙ ተጽፎበት ነው የመጣው። በር ላይ አስቆሜ ሰውየው እንኳ ሳይሰማ ከመለስኩት እኔ ከሌባው በምን እለያለሁ?»

ኮሚቴው በጥልቀት ተወያይቶ ዳይሬክተሩ ያሉት ልክ ነው አለ። ትርሓስ የምትታወቅበትን ነገር ጠየቀች፤ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ተሰጣት፦ «ቫይረስን አስመልክቶ ለሠራተኞች የሚላከው የኢሜይል ማሳወቂያ ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም።» አነበበችው፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ «ሕራይ» አለች። ያለ ክርክር እሺ ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ልንጠረጥር ይገባን ነበር።

በማግሥቱ የቢሮዬ በር ተንኳኳ። ትርሓስ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ደረጃ ስለወጣች ታለከልካለች።

«ኢሜይል መጥቶልህ ነበር። ቫይረስ አለበት፤ ያዝኩት። ደሓን ውዓል።»

በትግርኛዋ ደህና ዋል ብላኝ ወደ ቀጣዩ በር አለፈች። ተከትያት ወጣሁና «ይቁም ተብሎ የለም እንዴ?» አልኳት።

«የኢሜይል ማሳወቂያ ነው የሚለው። በእግሬ አልተባለም» አለችና የሚቀጥለውን በር አንኳኳች።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ጠዋት ጠዋት ማጣሪያው የያዘውን ታያለች፣ ከዚያ ያንን የታመመ ጉልበት እየጎተተች ከሕንጻ ሕንጻ ትዞራለች። ሰው ስብሰባ ላይ ከሆነ ስብሰባው መሐል ገብታ ትነግራለች። ሠራተኛው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተሰላቸ፣ በመጨረሻ ለመደ። እንዲያውም ያልመጣችበት ቀን «ዛሬ ማንም አላስታወሰኝም» የሚል ተመራማሪ ነበረን።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ከውጭ የመጡ ለጋሾችን ተቀብለው፣ ግድግዳው ላይ ምስል እያሳዩ፣ ተቋሙ በዘመናዊ አሠራር የደረሰበትን ደረጃ ሲያስረዱ በሩ ተከፈተ።

«ይቅርታ፣ ዶክተር። ኢሜይል መጥቶልህ ነበር። ቫይረስ አለበት፤ ያዝኩት። ደሓን ውዓሉ።»

በሩ ተዘጋ። አንዲት እንግዳ ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቀች። አስተርጓሚው ቀልጠፍ ብሎ ሌላ ነገር ቢፈጥር ኖሮ ዕድገት ያገኝ ነበር፤ ግን እውነቱን ተረጎመው። እንግዳዋ ደስ አላት። እኛ ጋ ቫይረስ ሲያዝ ለባለቤቱ የሚነግር ሰው የለም፣ እናንተ ለያንዳንዱ ሰው በአካል ታሳውቃላችሁ ወይ ብላ አደነቀች። ዳይሬክተሩ ፈገግ ማለት ነበረባቸው። ያንን ፈገግታ ቢሮዬ ውስጥ ሰቅዬ ባየው ደስ ባለኝ።

ጉልበቷ ግን ቀልዱን አልቻለም። ደረጃው በዛበት መሰለኝ፣ አንድ ቀን ግቢው መሐል ቆማ መራመድ አቃታት። ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባናት። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል አሏት፤ ከዚያም ቤቷ ተኝታ እንድታገግም አዘዟት። ከመሄዷ በፊት ምክትሏን ጠርታ በየዕለቱ ለሰው እየዞረ እንዲናገር ለመነችው። ምክትሏ ጨዋ ሰው ነበር። በእኛ ቤት ጨዋ ማለት ያልታዘዘውን የማያደርግ ማለት ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ከወንበሩ አልተነሣም። ግቢው ሰላም ሆነ። በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ዳይሬክተሩም «አያችሁ?» አሉ።

አሁን ሰናይትን ላስተዋውቃችሁ። ሰናይት በአፈር ላቦራቶሪያችን የምትሠራ ወጣት ተመራማሪ ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አመልክታ መልስ ትጠብቅ ነበር። እንደምትጠብቅ የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ የለም፤ የላቦራቶሪ ጓንቷን ሳታወልቅ ኮሪደር ላይ ስልኳን ስትከፍት ትታያለች። ትርሓስ ታማ በነበረችበት ጊዜ ሰናይት ስልኳን መክፈት ቀነሰች። በኋላም ተወችው። «አልተቀበሉኝም መሰለኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀች ልትለው ሞክራ። «ቢያንስ አልተቀበልንሽም ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

ትርሓስ በክራንች ተደግፋ ሥራ የተመለሰች ዕለት ጠዋት ደወለችልኝና «ና» ብቻ አለችኝ። ሰርቨር ክፍል ስገባ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። ዞራም አላየችኝም። በጣቷ ስክሪኑን አሳየችኝ። ለሰናይት የተላከ ኢሜይል ነው። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏታል። ማስረጃዎቹ በቁልፍ በታሸገ፣ ያለ ፓስዎርድ በማይከፈት አባሪ ነበር የተላኩት። ማጣሪያው ከፍቶ ማየት ስላልቻለ ጠርጥሮ ያዘው። ቫይረስ የሚባል ነገር የለበትም። መቀበሏን አረጋግጣ መልስ እንድትሰጥ የተወሰነው ቀን ካለፈ ቆይቷል።

«ብኖር ኖሮ» አለች ትርሓስ። ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። በዚያ ሁሉ ዓመት ንግግር ጀምራ ሳትጨርስ ስትተው ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ወደ ዳይሬክተሩ አብረን ሄድን። ሰምተው ደነገጡ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር። ጥቂት አሰቡና በሚያሳዝን ድምፅ «አልፏል እኮ፣ ትርሓስ» አሉ። «ልጅቷ አልተቀበሉኝም ብላ ልቧ ዐርፏል። አሁን ብንነግራት ቁስል መክፈት ነው። ማንን ይጠቅማል? እንተወው።»

ትርሓስ ክራንቿን ይዛ ተነሣች። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ክራንቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ሰውየው ያሉት ሞኝ ነገር አይደለም» አልኳት።

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ስለ ወንድሟ ነገረችኝ። ወንድም እንደነበራት እንኳ አላውቅም ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ኪዳነ አዳማ ይኖር ነበር። መስመር በተቋረጠበት ጊዜ ስለሱ ምንም አልሰማችም፤ እሱም ስለሷ። መስመሩ ሲከፈት ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ሚስቱ ናት። ኪዳነ ታሞ ካረፈ ሰንብቷል። ትርሓስ «ረስቶኝ ነበር? ምንም አላለኝም?» ብላ አለቀሰች። ሚስቱ «ኧረ ይጽፍልሽ ነበር» አለቻት። ሰርቨሩ እንደጠፋ እያወቀ፣ «አንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል» እያለ በመሥሪያ ቤት ኢሜይሏ ይጽፍ ነበር። በጻፈ ቁጥር «መልእክትዎ አልደረሰም» የሚል መልስ ይመጣለታል። እሱ እንደገና ይጽፋል።

«ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አልኳት።

«አላውቅም። ከሱ ሳጥን ውስጥ ይኖራል። ፓስዎርዱን ግን ማንም አያውቀውም፤ ለሚስቱም አልነገራትም።» አፍንጫዋን በሻርፕዋ ጠረገች። «ፓስዎርድህን ለማንም እንዳትነግር ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ትእዛዜን የሰማኝ ብቸኛ ሰው።»

ክራንቿ ሊወድቅ ሲል መልሼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

«አየህ፣ ሓወይ፣ ለእሱ አልደረሰም ብለው ይነግሩታል። ለእኔ የነገረኝ የለም። ተጽፎልኝ እንደነበረ እንኳ ሳላውቅ ረሳኝ እያልኩ ስቀየመው ነበር። ምን እንዳለኝ እስክሞት አላውቅም። መጻፉን ግን ሚስቱ ነገረችኝ። ይቺን ባትነግረኝ ኖሮ ወንድሜን እንደ ተቀየምኩት እቀር ነበር።» ክራንቿን አነሣች። «ያቺ ልጅ አልተቀበሉኝም ብላ ራሷን እየናቀች ነው። ተነሥ፣ ደግፈኝ።»

ሰናይትን ያገኘናት ላቦራቶሪ ውስጥ የአፈር ናሙና ስትመዝን ነው። ትርሓስን በክራንች ስታያት ልትደግፋት ሮጠች። ትርሓስ አልተቀመጠችም።

«ሰናይት፣ ኢሜይል መጥቶልሽ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎሽ ነበር። ማጣሪያው ቫይረስ መስሎት ያዘው። ዛሬ ነው ያየሁት። የመልስ መስጫው ቀን አልፏል።»

አሳጥራ ነገረቻት፤ ራሷ እንዳስተማረችኝ። ሰናይት እጇ ላይ ያለውን ማንኪያ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ተቀብለውኝ ነበር?»

«ተቀብለውሽ ነበር።»

«ማጣሪያው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ለሰው ሁሉ ስትናገሪ ከርመሽ፣ ለእኔ…» ሚዛኑን ከፊቷ ገፋችው። «ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ትእዛዙን ትጠቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የዳይሬክተሩ ፊርማና ማኅተም አለበት። እዚያው አውጥታ ብታሳያት ኖሮ የሰናይት ቁጣ ሁለት ፎቅ ወጥቶ ባለቤቱ ጋ ይደርስ ነበር። ትርሓስ ግን «አልነበርኩም። ይቅር በይኝ» ብቻ አለቻት። ሰናይት ጀርባዋን ሰጠችን። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች ትተናት ወጣን።

«ለምን ስለ ትእዛዙ አልነገርሻትም?» አልኳት ውጭ።

«ትእዛዙ የሱ ነው። የያዘባት ማጣሪያ ግን የእኔ ነው።»

ሰናይት ለዩኒቨርሲቲው ጻፈች። አዝነናል፣ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ በሚቀጥለው ዙር ያመልክቱ አሏት። ትርሓስ ያልነገረቻትን እኔ ነገርኳት፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩና ቃለ ጉባኤውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከምሳ በፊት ግቢው በሙሉ ሰማ። ከምሳ በኋላ ሰርቨር ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ፣ ረዳት ፕሮፌሰሩ፣ ያ ኮምፒውተሩን በእስክሪብቶ የሚነካ የፋይናንስ ኃላፊ፣ ማሳወቂያው ይቁም ብለው እጅ ያወጡት የኮሚቴ አባላት፤ ሁሉም «የኔስ? የእኔ የቀረ የለም?» ይላሉ። ትርሓስ ለአንድ ለአንዱ ፈልጋ ነገረችው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የቀረባቸው ነገር፣ ስማቸውን የማያውቅ ባለጸጋ የተወላቸው ውርስና ፀጉር ያበቅላል የተባለ መድኃኒት ነው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ቅር ብሎት ሄደ።

በሳምንቱ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደብዳቤ ወጣ፦ «ተቋሙ ለሠራተኞቹ ካለው ከፍተኛ ክብር በመነጨ የኢሜይል ማሳወቂያ አገልግሎት በአዲስ መልክ ተጀምሯል።» ያረምኩት እኔ ነኝ። «በአዲስ መልክ» የምትለዋን ልሰርዛት ብዬ ተውኳት። ማሳወቂያው በቀድሞው ቃሉ ተመለሰ። ትርሓስ የጨመረችበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በቁልፍ የታሸገ አባሪ ሲያዝ ለሰውየው ራሷ በስልክ ትደውላለች።

ሰናይት ግን ከትርሓስ ጋር መነጋገር አቆመች። ትእዛዙን ካወቀች በኋላም እንኳ። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ወደ ግድግዳው ታይና ታልፋለች። ዳይሬክተሩን ሰላም ትላቸው ነበር፤ እሳቸው አለቃ ናቸው፤ አለቃን ማኩረፍ ጊዜና አቅም ይጠይቃል። እንደገና አመልክታ፣ ከቆይታ በኋላ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላትና ሄደች። ስትሄድ ግቢውን በሙሉ ዞራ ተሰናበተች። ሰርቨር ክፍል አልገባችም።

ትርሓስን ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋት ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። እኔም ሥራ ቀይሬ ነበር። ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ታክሲዎቹ ሲጋፉ እያየች ለሾፌሮቹ ከሩቅ ትመክራለች። ከስታ ነበር፤ ጠየቅኋት፣ «ደረጃ መውጣት ስለተውኩ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። ግን የምትነግረኝን ነገር ሁልጊዜ አሳጥራ የምትነግር ሴት ስለነበረች ካልነገረችኝ የለም ብዬ ተውኩት። ስለ ሰዎች አወራን፤ ስለ ዳይሬክተሩ አዲስ ሹመት ሳቅን። ከዚያ ሳልጠይቃት ሰናይትን አነሣች።

«ስትሄድ አልተሰናበተችኝም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ልክ ናት። ቢሆንም ደጋግሜ አስበዋለሁ።»

«ባትነግሪያት ይሻል ነበር?»

ማኪያቶዋን አማሰለች፤ ስኳር አልጨመረችበትም ነበር።

«ባልነግራት ኖሮ ጠዋት ጠዋት ኮሪደር ላይ ታገኘኛለች። ‹ከመይ ሓዲርኪ፣ ኣደይ ትርሓስ› ብላ እንዴት አደርሽ ትለኛለች። ያንን አፏን ሸፍና የምትስቀውን ሳቅ ትስቅልኛለች። ክራንቼን ልትይዝልኝ ትሮጣለች።» ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እኔስ፣ ሓወይ፣ ምን ብዬ ነው ደህና አድሬያለሁ የምላት?»